የዳኛው ባልዲ

መልእክቱ ስልኬ ላይ የደረሰው ከአያት በተነሳ ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው። የላከልኝ የምሩቃን ማኅበራችን ሰብሳቢ ዶክተር አብኔዘር ነበር፤ ዩኒቨርሲቲያችን ለሃያኛ ዓመቱ ከሚያሳትመው መጽሔት የተወሰደ አንድ አንቀጽ። «ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. አስፈላጊው መሠረተ ልማት ሁሉ ተሟልቶለት የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች በመቀበል ሥራውን በስኬት ጀመረ።»

«ውሸት!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች እኛ ነን። ቡርቃ ሜዳ ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ተሟልቶ የጠበቀን ስሙ ብቻ ነበር፤ እሱም ቆርቆሮ ላይ በቀለም የተጻፈ። ዶርሞቹ በር ስላልነበራቸው በአንሶላ ጋረድናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ከገበሬዎች ማኅበር በውሰት የተገኘ የእህል መጋዘን ነበር፤ መጽሐፍ ስንገልጥ ነቀዝ ይወጣል። ከክፍላችን ግድግዳ ጀርባ የሲሚንቶ ማቡኪያ ቀኑን ሙሉ ስለሚያጓራ የኢኮኖሚክስ መምህራችን የሚያስተምረን እየጮኸ ነበር። እስከ ዛሬ «ፍላጎትና አቅርቦት» ሲባል ስሰማ የሆነ ሰው የተቆጣኝ ይመስለኛል። አጥርም ስላልነበረ የከተማው ላሞች ሌክቸር ይገቡ ነበር። ከአንዳንዶቻችን የተሻለ ይከታተሉ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው የተማርኩት። የሚያናድደኝ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው እዚህ ሸገር ተምሮ «እንዴ፣ ክልል ነው የተማርሽው?» እያለ ክፉ በሽታ ይዞኝ እንደዳንኩ ሁሉ በሐዘኔታ የሚያየኝ ነው። ሁለተኛው ከእኛው መሃል ወጥቶ ያንን ሁሉ አቧራ በሳሙና አጥቦ «በስኬት ጀመረ» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ስለማያውቅ ይሁን። ሁለተኛው ግን ያውቃል! አብኔዘር ራሱ ሦስት ዓመት ከአንሶላ በር ጀርባ ተኝቷል።

«ምኑ ነው የተሟላው? ውኃውስ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«ሔዋን፣ የበዓል መጽሔት ነው እንጂ የክስ ማመልከቻ አይደለም» ብሎ መለሰ።

የውኃው ነገር እንዲህ ነበር። ለዚያ ሁሉ ተማሪ ያለው አንድ ቦኖ ነው። ውኃው እንደ ክር ቀጥኖ ስለሚወርድ አንድ ባልዲ እስኪሞላ አንድ ምዕራፍ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። ሰልፍ የያዘ ክፍል ይቀርበታል፤ ክፍል የገባ ሳይታጠብ ይውላል። ወር ሳይሞላን በተራ የተነሳ ሰው ተፈነከተ። እንደገና ጠብ በተነሳ ጊዜ ምልኬሳ የሚባል ረጅምና ዝግ ብሎ የሚናገር ልጅ ባልዲውን ገልብጦ ላዩ ላይ ቆመና ሕግ አወጣ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሰው አይሰለፍም፣ ባልዲ ይሰለፋል። ስምህን በጥፍር ቀለም ጻፍበትና ሄደህ ተማር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እዚያ የተገኘ ሰው የሌሎቹንም ባልዲ በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ተራ ደርሶ ባለቤቱ ከሌለ፣ ከኋላው ያለው ሞልቶለት ጥላ ሥር ያስቀምጥለታል። የሰው ባልዲ ከቦታው ማንሳት ግን ፈጽሞ አይቻልም።

አዲስ የተቀጠረ ጥበቃ አንድ ማለዳ መንገድ ተዘጋ ብሎ የፊተኛውን ባልዲ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ከዶርሙ መስኮቶች ሁሉ «አትንካ!» የሚል ጩኸት ወረደበት። ሰውየው ደንግጦ ዞር ዞር አለና «ምንድነው ይሄ?» ብሎ ጠየቀ።

«ተማሪ ነው» አለው ምልኬሳ፣ ሳይስቅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምልኬሳን «ዳኛው» አልነው። በዚያ ቦኖ ዳግመኛ ጠብ አልተነሳም። ከእኛ በኋላ የመጡትም ቧንቧው እስኪበዛ ድረስ በዚሁ ሕግ ኖሩ። ቡርቃ ሜዳን ዩኒቨርሲቲ ያደረገው የሴኔት ደንብ ሳይሆን ያ የባልዲ ሕግ ነው እላለሁ። ሳይተዋወቁ ከየአገሩ የመጡ ልጆች አጠገባቸው የሌለውን ሰው ድርሻ መጠበቅ የተማሩት እዚያ ነው። የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

ዳኛው ግን አልተመረቀም። ቤተሰቦቹ እዚሁ ከቦሌ ወዲያ፣ ዛሬ ፎቅ በፎቅ በሆነው ሜዳ ላይ ገበሬዎች ነበሩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ እያለን የአባቱ እርሻ ለቤት ግንባታ ተፈለገ፤ አባቱም ታመሙ። የበኩር ልጅ ነበርና ቤተሰቡን ወደ ተሰጣቸው ቦታ ሊያዘዋውር ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ነገሩ ሁሉ መልክ ሲይዝለት ተመልሶ ትምህርት የሚገባበት ጊዜ አልፎበት ነበር። አሁን ቦሌ ሚካኤል የብረት ሥራ ቤት አለው። በር ሳይኖረን የተማርን ሰዎች ዛሬ የግቢያችንን በር የምናሠራው እሱ ጋ ነው።

እንግዲህ ማኅበሩ ለበዓሉ መክፈቻ የመጀመሪያውን ባች ቦሌ አንድ ሆቴል ውስጥ ምሳ ጠራ። ጥሪው ለአባላት ብቻ ነው። አባል ማለት ደግሞ በደንቡ መሠረት የተመረቀ ሰው ነው።

ባቡሩ መገናኛ እንደደረሰ ወርጄ ለአብኔዘር ደወልኩ።

«ምልኬሳ አልተጠራም» አልኩት።

«አልተመረቀማ፣ ሔዊ።»

«የፈተና ሰሞን ባልዲህን ማን ነበር የሚሞላልህ?»

«እሱን መቼ ካድኩ? ግን አንድ ሴሚስተር ተምሮ የሄደ ሁሉ ነገ መታወቂያ ስጡኝ ቢል ምን ልንለው ነው? ደንብ ለአንድ ሰው ተብሎ አይጣስም። በጠቅላላ ጉባኤ ነው የጸደቀው፤ አንቺም ነበርሽ።»

«ተቃውሜያለሁ!»

«አንቺ ያልተቃወምሽው ነገር ካለ ንገሪኝ።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አብኔዘር ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪም ሳለ መጽሐፎቹን በቁመታቸው የሚደረድር ልጅ ነበር፤ ሥርዓት ከሌለ መተንፈስ ያቅተዋል። ግን ክፉ ባልሆነ ሰው የተሠራ በደል ምኑ ይለሰልሳል? የተበደለው ሰው ያው ውጭ ነው የሚቆመው።

እንደተናደድኩ ሾላ ገበያ ሎሚ ጋ ሄድኩ። ሎሚ የዶርም ጓደኛዬ ናት። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ባንክ ሠርታ ነበር፤ አለቃዋ ሲሰለቻት ለቅቃ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር ከፈተች። ጎድጓዳ ሳህንና ጄሪካን በተቆለለበት መሃል ተቀምጣ ሙግቴን ሁሉ ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ጋዜጣ ላይ ነው የምጽፍበት።»

«ትጽፊያለሽ። ከዚያ አብኔዘር መልስ ይጽፋል። ከዚያ አንቺ ለመልሱ መልስ ትጽፊያለሽ። ምልኬሳ ምሳውን የሚበላው ታዲያ መቼ ነው?»

«እና ዝም ልበል?»

«አንቺ ዝም ብለሽ? በሽታ ይሆንብሻል። መጀመሪያ ግን ሰውየው መምጣት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቀነዋል ወይ?»

አልጠየቅነውም። በነጋታው ተያይዘን ቦሌ ሚካኤል ወረድን። ምልኬሳ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከአንድ ትልቅ በር ጋር ይታገል ነበር። ሎሚ «አካም ጅርታ፣ ዳኛው!» ስትለው ፊቱ በራ። በርጩማ አቀረበልን፤ የራሱን እጅ ደጋግሞ በጨርቅ ጠረገ። የምሳውን ነገር ስናነሳበት ግን ወደ በሩ ዞሮ መለካት ጀመረ።

«እኔ እዚያ ምን ልሠራ?»

«የምንሠራውን ትሠራለህ። ትበላለህ፣ ታወራለህ» አልኩት።

«ሰው አጠገቤ ይቀመጥና ‘በስንት ተመረቅህ?’ ይለኛል። እኔ አፍራለሁ፣ እናንተም ለእኔ ብላችሁ ታፍራላችሁ። ተዉት። ለእኔ ብላችሁም ከአብኔዘር ጋር እንዳትጣሉ። አንቺን ነው የምልሽ፣ ሔዋን።»

«እኔ ተጣልቼ አላውቅም።»

ሁለቱም እያዩኝ ሳቁ። ምልኬሳ በሩን ለክቶ የለካውን ያልጻፈ መሰለኝ፣ እንደገና ለካው።

«እሁድ ነው አይደል?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እሁድ።»

«ስድስት ሰዓት ላይ?»

«ስድስት ሰዓት። ምነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው።»

ያን ጊዜ ነው ከጀርባው ያለው ነገር ዓይኔ ውስጥ የገባው። መዶሻና መጋዝ ከተሰቀለበት ግድግዳ ላይ፣ ብናኝ እንዳይነካው በንጹሕ ላስቲክ የተሸፈነ ሱፍ ልብስ ተንጠልጥሏል። የላውንደሪው ወረቀት ገና አልተነቀለለትም።

«ሱፉስ?» አልኩት።

«እሱማ… ሰርግ አለብኝ።»

«የማን?»

«የጎረቤት ልጅ።»

ከሥራ ቤቱ ወጥተን አስፋልት ደረስን። ሎሚ ቆመችና እጄን ያዘች።

«በነቢያት ጾም ሰርግ?»

እኔም ገባኝ። ሰውየው ላልተጠራበት ምሳ ሊለብሰው ልብሱን አሳጥቦ ቁጭ ብሏል። እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ እንባዬ ሲመጣ ሰው መስደብ ነው የሚያምረኝ። አብኔዘርን ከነደንቡ፣ ደንቡን ከነማኅተሙ ስሰድብ ሎሚ አንገቷን እየነቀነቀች አዳመጠችኝና፣ «በይ አሁን ያንቺ በቃ። አሁን የእኔ ነው» አለች።

እሁድ ሎሚ ሆቴሉ በር ላይ የጠበቀችኝ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ በአንድ እጇ ሰማያዊ ባልዲ አንጠልጥላ ነው። ከመደብሯ የመጣ አዲስ ባልዲ። ጎኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም «ምል» ተብሎ ተጽፏል። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ፣ ባልዲውንም ገልብጦ አየና አሳለፈን። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አዳራሹ ፊት የማነበው የተቃውሞ ጽሑፍ ነበረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያሳመርኩት፣ ስድብ የሌለበት ግን የሚያቃጥል ጽሑፍ ነው።

አዳራሹ ሞልቷል። ወንበሮቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ወገባቸው ላይ ሪባን ታስሮላቸዋል። ሎሚ ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ሄደችና ከአብኔዘር መቀመጫ አጠገብ ባለው ክፍት ወንበር ላይ ባልዲውን አስቀመጠች፤ ሪባኑን አስተካከለችለት፤ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች።

«በቃ?» አልኳት።

«በቃ። ጽሑፍሽን እንዳታወጪ።»

አብኔዘር መድረክ ላይ ወጥቶ ማይክ ያዘ። ጸጉሩ ገባ ብሏል፣ ቦርጩ ወጣ ብሏል፣ ንግግሩ ግን ያው እንደ መጽሐፎቹ የተደረደረ ነው። ስለ መስፋፋት ተናገረ፣ ስለ ሕንጻዎቹ ተናገረ። በመሃሉ በሩ ተከፈተና ጋሽ ገብረዋሕድ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ያኔ የተማሪዎች ዲን ነበሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ሲኤምሲ ነው የሚኖሩት። ሁላችንም ተነሥተን አጨበጨብን። አንድ ወጣት አስተናጋጅ ክፍት ቦታ ሲፈልግላቸው የፊተኛውን ጠረጴዛ አየ፤ ወንበሩ ላይ ባልዲ አየ፤ የጽዳት ሠራተኛ የረሳችው መሰለው። አብኔዘር ንግግሩን ቀጥሏል።

«…አስፈላጊው መሠረተ ልማት ሁሉ ተሟልቶ…»

አስተናጋጁ ወደ ባልዲው እጁን ዘረጋ።

«አትንካ!»

ጮኸ አብኔዘር። በማይክ! ብቻውንም አልነበረም፤ አዳራሹ በሙሉ፣ የባንክ ኃላፊው፣ ዳይሬክተሯ፣ ልጅ አቅፎ የመጣው፣ ሁሉም በአንድ አፍ ነው የጮኸው። አስተናጋጁ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።  ሰዎች ምን እንደጮኹ፣ ለምን እንደጮኹ ራሳቸውን የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ ጠረጴዛ የሚደበድብ፣ እንባውን የሚጠርግ፣ አጠገቡ ያለውን የሚያቅፍ።

ጋሽ ገብረዋሕድ ከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ «ግድ የለም ልጆች፣ እኔ እቆማለሁ» አሉ። «ተይዟል። ሕግ ሕግ ነው።»

ለእሳቸው ሦስት ሰው በአንዴ ወንበሩን ለቀቀ። አብኔዘር ከመድረኩ ወርዶ ወደ ባልዲው ሄደ። አላነሳውም። ጎንበስ ብሎ ዞሮ ጽሑፉን አነበበ። ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆኖ ነበር።

«ሔዋን፣ ይሄ ያንቺ ሥራ ነው።»

«የሎሚ ነው። እኔ የያዝኩት ጽሑፍ ነው፤ ከፈለግህ ላንብብልህ።»

«ኧረ በማርያም!» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ እንደገና ተሳቀ።

አብኔዘር አልሳቀም።  ያ ሁሉ ደንብ አዋቂነቱ እያለ፣ አፉን ሲከፍት የወጣው ግን የዳኛው ሕግ ነበር፤ እሱም ይህ ገብቶታል። ሥርዓት ወዳድ ሰው አንዱ መልካምነቱ ይሄ ነው፤ ራሱ የመሰከረበትን ነገር አይክድም።

«ቁጥሩን ማን ያውቃል?» አለ።

ሎሚ ደውላ ስልኩን ሰጠችው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍቶ ማይኩ አጠገብ ያዘው።

«ሃሎ፣ ሎሚ?»

«አብኔዘር ነኝ፣ ዳኛው። ተራህ ደርሷል።»



«የምን ተራ?»

«ባልዲህ ፊት ደርሷል። ሰው እየጠበቀህ ነው፤ የት ነህ?»

 አዳራሹ ውስጥ ማንኪያ እንኳን አይንቀሳቀስም።

«ከኋላዬ ያለው ማነው?» አለ ምልኬሳ በመጨረሻ። 

«እኔ ነኝ።»

«ሙላልኛ እንግዲህ።»

«አልሞላልህም። ሕግህን ለመጀመሪያ ጊዜ እጥሳለሁ። ና!»

እሁድ ቀን ከቦሌ ሚካኤል እዚህ ድረስ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም እንዲያ በፍጥነት መድረስ የሚችለው ቀድሞ ለብሶ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ ገብረዋሕድ ስለ ሲሚንቶ ማቡኪያው የጀመሩትን ወግ ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ። ሱፉ ልክክ ብሎበታል። እግሩ ወደ ኋላ የሚል መስሎ ደፉ ላይ ቆመ። ሰው ሁሉ «ዳኛው! ዳኛው!» እያለ ሲነሳ መውጫ አጣና ገባ። አብኔዘር እስከ መሃል ሄዶ አቀፈው። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ረዘም ያለ ነገር ነው። ምልኬሳ ጀርባውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገውና ወንበሩ ጋ መጣ። ባልዲውን አንስቶ ውስጡን አየ።

«ባዶ ነው እኮ። ይሄን ያህል ዓመት ሰልፍ ላይ ቆሞ ባዶ?»

«ቦኖውን ታውቀዋለህ» አለችው ሎሚ።

ተቀመጠ። አጠገቡ ያለው ሰው በስንት እንደተመረቀ አልጠየቀውም፤ የጠየቀው የበር ዋጋ ነበር።

አብኔዘር ወደ እኔ መጣና ደንቡ ላይ «የተመረቀ» የሚለው «የተማረ» እንዲባል ለሚቀጥለው ጉባኤ እንደሚያቀርብ፣ የመጽሔቱንም አንቀጽ እኔው እንደገና እንድጽፈው ነገረኝ። «ውኃውን አስገቢ። ነቀዙንም አስገቢ። ላሞቹን ግን እባክሽ ተያቸው።»

«እሺ» አልኩት። ላሞቹን አስገብቻቸዋለሁ።

ከዚያ ምሳ ቀረበ። የጾም ምግብ ሁሉ በረጅሙ ተደርድሯል፤ ምስር፣ ፓስታ፣ ድንች፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ሽሮ። ሽሮውን ሲያዩ «እዚህም ደረሰብን?» የሚል ጩኸት ተነሳ። ግቢ ውስጥ ሦስት ዓመት የበላነው እሱን ነዋ። ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ተጠማዘዘ። ምልኬሳ ባልዲውን እንደያዘ መጨረሻው ላይ ቆሞ ነበር፤ ጋሽ ገብረዋሕድ ከወንበራቸው በእጃቸው ሲጠሩት ባልዲውን በቦታው አስቀምጦ ሄደና አጠገባቸው ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ እያዳመጠ፣ አንዳንዴም እየሳቀ ቆየ። በመሃል ሦስት ሴቶች መጥተው ከእሱ ጋር ፎቶ ተነሱ።

ሰልፉ ይንቀሳቀሳል። ከባልዲው ኋላ መጥቶ የተሰለፈው አብኔዘር ነበር። እያወራ፣ ሳህኑን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሰው አንድ እርምጃ በሄደ ቁጥር ባልዲውን በሚያብረቀርቅ ጫማው ገፋ ያደርገዋል። ማንም ቁብ አልሰጠውም። ትንሽ ትንሽ እያለ ባልዲው ምስሩን አለፈ፣ ድንቹን አለፈ፣ ሽሮው ፊት ቆመ። ቅድም የተጮኸበት አስተናጋጅ ጭልፋውን እንደያዘ ወደ ታች አየ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ በፍርሃት፣ «ይሄ… ምንድነው?»

አብኔዘር ከራሱ ሳህን ሥር ሌላ ሳህን አወጣና አቀረበለት።

«ተማሪ ነው» አለው። «ሽሮ ጨምርበት።»